የሙሽሮቹ ስም ለምን ደበዘዘ? ፕሮጀክተር ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱን ምረጡ

ሰርግ አዳራሽ ገብታችሁ ከሙሽሮቹ ጀርባ ስማቸው በብርሃን ተጽፎ አይታችኋል? ወይ ሆቴል በር ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ብርሃን ረግጣችሁ አልፋችሁ ይሆናል። ያንን ሥራ የሚሠራው ትንሽ ማሽን ጎቦ ፕሮጀክተር ይባላል። ጎቦ የሚባለው ውስጡ የሚገባው ክብ ነገር ነው፤ ስሙ ወይም ሎጎው የተቀረጸበት ብረት፣ መስታወት ወይም ፊልም። ከጀርባው መብራት አለ፤ ከፊቱ ደግሞ ሌንስ። አለቀ። ሌላው ሁሉ ማራገቢያና ሽቦ ነው።

ከአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ወዲህ የጌጥ መብራት የሁሉንም ዓይን ስቧል። በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዘዋወረው የሰርግ ዲኮር ቪዲዮም የራሱን ሥራ ሠርቷል። አሁን ነገሩ እዚህ እኛ ጋ፣ ማሻም ደርሷል። ቴፒና ሚዛንም እንዲሁ። ሙሽራ ስሟን በብርሃን ትፈልጋለች፤ ሆቴሉ ሎጎውን ይፈልጋል፤ ተመራቂ ተማሪ ፎቶ የሚነሳበት ጀርባ ይፈልጋል። ለወጣት ጥሩ የእንጀራ መንገድ ነው። ችግሩ ብዙዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ዋት ላይ ነው፤ ምስሉን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን ሌንሱ ነው።

እኔ ማሻ ውስጥ ድምፅና መብራት በማከራየት ስለምተዳደር ስለዚህ ማሽን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ደጋግሜ የምመልሰውን ነገር አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

ሦስቱ ልጆችና የዕቁቡ ገንዘብ

የሰፈሬ ሦስት ልጆች ዕቁብ ደርሷቸው ጎቦ ፕሮጀክተር ገዙ። ሻጩ «ዋቱ ትልቅ ነው፣ ለሁሉም ቦታ ይሆናል» ብሏቸዋል። የመጀመሪያው ሰርግ ላይ ማሽኑን ሲያበሩት የሙሽሮቹ ስም ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ ጣሪያው ላይ ወጣ። ያውም ገርጥቶ። የሙሽራዋ አባት ቀና ብለው እያዩ «ስሙ የቱ ጋ ነው ያለው?» ማለታቸውን ልጆቹ ራሳቸው ነገሩኝ።

በነጋታው መጡ። «ጋሼ፣ ማሽኑ አቅም የለውም፤ ሸጠን የሚበልጥ ልንገዛ ነው» አሉኝ።

«ቆይ እስቲ፣ ከግድግዳው ስንት ሜትር ላይ ነው ያቆማችሁት?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። የለካው የለም።

ሄደን ለካነው። ከማሽኑ እስከ ግድግዳው 8 ሜትር ነው። የተፈለገው የምስል ስፋት 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የነበራቸው ሌንስ ግን 36 ዲግሪ ነው። በ8 ሜትር ላይ ይህ ሌንስ የሚያወጣው ክብ 5 ሜትር ከ20 ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ከፍታ 4 ሜትር እንኳን አይሞላም። ታዲያ ስሙ ጣሪያ ላይ ባይወጣ ነበር የሚገርመው!

ደግነቱ ማሽናቸው ሌንሱ የሚፈታ ዓይነት ነው። 19 ዲግሪ ሌንስ ብቻ አስመጡ። በዚያው 8 ሜትር ላይ ምስሉ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ሆነ። ማሽኑ ያው፣ መብራቱ ያው፤ ብርሃኑ ግን በግማሽ ስፋት ላይ ተሰብስቦ ደመቀ። ሊሸጡት የነበረው ማሽን እስከ ዛሬ እየሠራላቸው ነው።

ይህን የማነሳው ለቁምነገር ነው። ማሻ ሆኖ ዕቃ መቀየር እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ይዞ መርካቶ እንደመመለስ አይደለም። በጎሬም ይምጣ በቴፒ፣ የመጣው ዕቃ ተመልሶ ለመሄድ ረጅም መንገድ አለው። የተሳሳተ ሌንስ ከገዛችሁ ከናንተው ጋር ነው የሚኖረው።

ስልካችሁ ላይ ያሉት ሌንሶች

ሌንስ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ። 0.5 ስትነኩ ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ ብዙ ነገር ይገባል። 1 ላይ መካከለኛ ነው። 3 ስትነኩ ሩቅ ያለ ትንሽ ቦታ ብቻ ፍሬሙን ይሞላል።

ፕሮጀክተር ማለት የተገለበጠ ካሜራ ነው። ካሜራ ብርሃን ያስገባል፤ ፕሮጀክተር ያስወጣል። ስለዚህ ሰፊ ሌንስ በቅርብ ቆሞ ትልቅ ምስል ይዘረጋል፤ ጠባብ ሌንስ ደግሞ ሩቅ ቆሞ ትንሽና ደማቅ ምስል ይወረውራል። ከሁለቱ «የተሻለ» የሚባል የለም። ለየትኛው ቦታ? ነው ጥያቄው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የሆላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሃይገንስ በ1659 እ.ኤ.አ. የሠራው «አስማታዊ ፋኖስ» የሚባለው መሣሪያ በሻማ ወይም በኩራዝ ብርሃን፣ በመስታወት ላይ በተሳለ ሥዕልና በሌንስ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ሻማው በኤልኢዲ ተተካ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። በእኛም አገር ብርሃን ግድግዳ ላይ ምስል ሲሠራ መጀመሪያ ያየው የአዲስ አበባ ሰው ደንግጦ ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎታል። ሰይጣኑ ሌንስ ነበር።

አንድ ማባዛት ብቻ

ሌንሶች በዲግሪ ይሸጣሉ። ዲግሪው ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙ። ከማሽኑ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ በቁጥሩ ስታባዙ የምስሉን ስፋት ታገኛላችሁ።

– 10 ዲግሪ፦ ርቀቱ × 0.17
– 19 ዲግሪ፦ ርቀቱ × 0.33
– 26 ዲግሪ፦ ርቀቱ × 0.46
– 36 ዲግሪ፦ ርቀቱ × 0.65
– 50 ዲግሪ፦ ርቀቱ × 0.93

እንሞክረው። የሆቴል መግቢያ ላይ ማሽኑ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሎ ወደ መሬት ያያል፤ 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ተፈልጓል። 3 በ0.65 ሲባዛ 1.95 ነው። 36 ዲግሪ ልክ ነው። ሌላ፦ ከመንገድ ማዶ ካለ ምሰሶ እስከ ሕንፃው ፊት 12 ሜትር ነው፤ 4 ሜትር ሎጎ ተፈልጓል። 12 በ0.33 ወደ 4 ይጠጋል። 19 ዲግሪ። እዚያው ምሰሶ ላይ 36 ዲግሪውን ብትሰቅሉት ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ የገረጣ ክብ ይሆናል፤ ጎረቤት ሱቅም በነፃ ማስታወቂያ ያገኛል።

ርካሽ ማሽኖች ላይ ዲግሪ ሳይጻፍ ይቀራል። ያኔ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «በ5 ሜትር ላይ ምስሉ ስንት ሜትር ይሆናል?» 2 ሜትር ካለ፣ 2ን ለ5 አካፍሉ፤ 0.4 ነው። የናንተ ቦታ 8 ሜትር ከሆነ 8 በ0.4፣ 3 ሜትር ከ20። የማይመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቪዲዮ ልኮ ያሳያችሁ፤ መሬት ላይ ሜትር ዘርግቶ።

ሌንሱ ላይ ሚሊሜትር ከተጻፈ ደግሞ ይህን ያዙ፦ በአንድ ማሽን ላይ ሚሊሜትሩ ሲጨምር ምስሉ ይጠባል፤ ሲቀንስ ይሰፋል።

ሜትር ባትይዙስ? ስልኩ አለ

ይህኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፕሮጀክተሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ራሳችሁ ቁሙ። የስልኩን ካሜራ በተለመደው የፎቶ ሞድ ክፈቱ፤ ሙሉ ስክሪን የሚሞላው ሳይሆን 4 በ3 የሚባለው። ስልኩን አግድም ያዙ። አሁን ምስሉ እንዲያርፍበት የፈለጋችሁት የግድግዳ ክፍል ከፍሬሙ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እስኪሞላ ድረስ ዙም አድርጉ። ከዚያ ቁጥሩን አንብቡ።

ዙሙ 2 አካባቢ ከቆመ 36 ዲግሪ ሌንስ ነው የምትፈልጉት። 3 አካባቢ ከሆነ 26 ዲግሪ። 4 ከሆነ 19 ዲግሪ። 8 ድረስ ከሄደ 10 ዲግሪ። ዙም ሳታደርጉ 1 ላይ እያለ ከሞላ ደግሞ ቦታው በጣም ቅርብ ነው፤ ከ50 ዲግሪም የሰፋ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ወይም ማሽኑን ማራቅ።

ስልክ ከስልክ ትንሽ ስለሚለያይ ይህ ግምት ነው። ግን ደንበኛ ቤት ሄዳችሁ ቆማችሁ ዋጋ ስትነጋገሩ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶውንም አስቀሩት፤ ቤት ገብታችሁ በሜትር ታረጋግጣላችሁ።

ዋት ሲጨምር ለምን አይደምቅም?

ምስሉ በወርድ እጥፍ ሲሆን ቁመቱም እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ብርሃኑ የሚሸፍነው ቦታ 4 እጥፍ ነው። 3 ሜትር ክብ 7 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ 6 ሜትር ክብ ግን 28 ካሬ ሜትር። ያው አንድ ማሰሮ ጠላ ለ7 ሰው ወይስ ለ28 ሰው? እንደማለት ነው። ለልጆቹም የሆነው ይኸው ነው፤ ምስሉ በግማሽ ሲጠብ በስሌት ወደ 4 እጥፍ ይደምቃል። በተግባር ሌንሱ ራሱ የሚያስቀረው ብርሃን ስላለ ከዚያ ትንሽ ያንሳል።

ዋት ማሽኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። በሌንሱ በኩል የሚወጣው ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ሉመኑን ለካሬ ሜትር ስታካፍሉ ሉክስ ታገኛላችሁ። በሌንሱ በኩል 3000 ሉመን የሚያወጣ ማሽን በ7 ካሬ ሜትር ላይ 430 ሉክስ አካባቢ ይሰጣል። በ28 ካሬ ሜትር ላይ 107 ብቻ። ለማነፃፀር፣ ለጽሕፈት ሥራ ቢሮ ውስጥ የሚመከረው ብርሃን 500 ሉክስ ነው። ሁሉም መብራት የበራበት አዳራሽ ውስጥ 107 ሉክስ ምስል ማለት የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ከአዳራሹ ባለቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከመድረኩ በላይ ያሉት ሁለትና ሦስት አምፖሎች ከጠፉ፣ አዲስ ማሽን ከመግዛት ይሻላል። የቪዲዮ ቀራጮችንም መብራት አትርሱ፤ ግድግዳው ላይ ካዞሩት የናንተን ሥራ ያጠፋዋል።

የማሻ ጭጋግ የራሱ ሕግ አለው

እስካሁን ያልኩት የትም ይሠራል። አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ማሻ ደጋ ነው፤ ዝናቡና ጭጋጉ ዓመቱን ሙሉ የማይለየን ነን ብል አላጋነንኩም።

ጭጋግ በጣም ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ሲያልፍበት በየጠብታው ላይ እየተበተነ ይሄዳል። ጨረሩ አየር ላይ ያምራል፤ ለቲክቶክ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ይፈዛል። ከመንገድ ማዶ 12 ሜትር ጭጋግ አቋርጦ የሚመጣ ምስልና ከ4 ሜትር የሚመጣ ምስል እኩል አይደሉም። ውጭ ለሚሠራ የማሻ ሥራ እኔ ብዙ ጊዜ ማሽኑን ወደ ግድግዳው አቅርቤ ሰፋ ያለ ሌንስ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ይህም ዋጋ ያስከፍላል። ማሽኑ ቀርቦ ከታች ወደ ላይ ወይም ከጎን ሲያይ ምስሉ ይወጠራል። ከቀጥታው በ30 ዲግሪ ካዘነበለ ውጥረቱ 1.15 እጥፍ ገደማ ነው፤ ዓይን ብዙም አያውቀውም። በ45 ዲግሪ 1.4 እጥፍ ይሆናል፤ ክቡ ሎጎ እንቁላል ይመስላል። በ60 ዲግሪ 2 እጥፍ ነው፤ እሱን ተዉት። ማዘንበሉ ግድ ከሆነ ጎቦውን የሚሠራላችሁ ሰው ሥዕሉን ቀድሞ በተቃራኒው እንዲያጣምመው ማዕዘኑን ንገሩት፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ይስተካከላል።

ዝናብስ? ማሽኑ ላይ አይፒ 65 የሚል ከሌለ ውጭ አታሳድሩት። 6 ማለት አቧራ አያስገባም፤ 5 ማለት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል። አይፒ 20 የሚል ለቤት ውስጥ ነው። በላስቲክ ልሸፍነው ካላችሁ ደግሞ ማራገቢያው ታፍኖ ማሽኑን ያቃጥላችኋል።

ሌላም አለ። ብርድ ላይ ያደረ ማሽን ሰው ወደሞላበት ሞቃት አዳራሽ ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። «ፎከሱ ተበላሸ» ብላችሁ መፍታት አትጀምሩ። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አስገቡት፤ ራሱ ይደርቃል። በቲሸርት ጫፍ አትጥረጉት፤ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይበቃል።

ግድግዳውም የሌንሱ ጓደኛ ነው

የማያብለጨልጭ ነጭ ግድግዳ ምርጥ ነው። ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ያንጸባርቃል። ቆርቆሮ ላይ ፊደል ይሰባበራል። ነጭ የድንኳን ሸራ ደህና ነው፤ ግን ብርሃኑ ከፊሉ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ንፋስ ሲመጣም ስሙ ይወዛወዛል። የአካባቢያችን ቀርቀሃ የሚያምር የመድረክ ጀርባ ይወጣዋል፤ እሱ ላይ ግን ስም አትጻፉበት፤ ትልልቅ ቅጠል ወይም የቡና ፍሬ ሥዕል ጣሉበት፤ ክፍተቱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ቀይ አፈር ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሞታል፤ ነጭና ቢጫ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፦ ብርሃኑን ወደ ዛፉ አታዙሩት። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው። ሌሊት ጠንካራ ብርሃን ነፍሳትን ከያሉበት ይጠራል፤ የማታ እንስሳትንም ይረብሻል። ለናንተም አይጠቅምም፤ የእሳት እራቱ ሁሉ ሌንሳችሁ ላይ ነው የሚሰፍረው።

ፊደላችን ርካሽ ሌንስ አይወድም

በጣም ሰፊ የሆነ ርካሽ ሌንስ መሀሉ ጥርት ብሎ ጫፉ ይደበዝዛል። ቀጥ ያለው መስመር ጎበጥ ይላል፤ በፊደሉ ጠርዝ ላይም ሰማያዊና ቀይ ጥላ ይወጣል። በላቲን ፊደል ይህ ይታለፍ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን ከባድ ነው። በ«ሲ» እና በ«ሴ» መካከል ያለው ልዩነት እግሯ ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ከደበዘዘች የሙሽራዋ ስም ይቀየራል። በሰርጓ ቀን!

ስለዚህ ስሙን መሀል ላይ አድርጉ፤ ዳር ዳሩን ለአበባ ተዉት። ወፍራም ፊደል ምረጡ። ከሁለት መስመር አትለፉ። የብረት ጎቦ ከሆነ ደግሞ የ«ወ» እና የ«መ» ክብ ሆድ በቀጭን ድልድይ ካልተያዘ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ለአማርኛ ስም የመስታወት ጎቦ ይመረጣል። ሌንስ ምስሉን ስለሚገለብጥም ጎቦው ተዘቅዝቆ ነው የሚገባው። እንግዳ ሳይመጣ በፊት አብርታችሁ አንብቡት።

ዙም ሌንስስ? በየሳምንቱ የተለያየ አዳራሽ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው፤ ከ15 እስከ 30 ወይም ከ25 እስከ 50 ዲግሪ የሚሄዱ አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ከአንድ ወጥ ሌንስ ይወደዳሉ፤ ብርሃንም ትንሽ ይቀንሳሉ። አንድ ሆቴል በር ላይ ተሰቅሎ ለሚቀር ማሽን ዙም ከንቱ ወጪ ነው። ለሰርግ ሥራ ደግሞ እኔን ብትጠይቁኝ ሌንሱ የሚፈታ ማሽን፣ ከ19 እና ከ36 ዲግሪ ሌንስ ጋር፣ የአብዛኛውን የአካባቢያችንን አዳራሽ ሥራ ይሸፍናል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦ ሌንሱ ይፈታል? ዲግሪው ስንት ነው፣ ወይም በ5 ሜትር ምስሉ ስንት ይሆናል? በሌንሱ በኩል የሚወጣው ሉመን ስንት ነው? አይፒው ስንት ነው? ዳር ዳሩ ላይ ፊደል ያለበት ምስል አብርተህ ታሳየኛለህ? አምስቱንም ከመለሰ ግዙ። «አይዞህ፣ ለሁሉም ይሆናል» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለሁሉም የሚሆን ሌንስ የለም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሜትር፣ ቀጥሎ ሌንስ፣ መጨረሻ ዋት። ሜትር ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል፤ ስልኩ ደግሞ ይኸው እጃችሁ ላይ ነው። ዛሬ ማታ ሰፈራችሁ ያለውን አዳራሽ ወይም የሆቴል በር መርጣችሁ በዙሙ ለኩት። ገንዘባችሁ ከኪሳችሁ ሳይወጣ የትኛው ሌንስ እንደሚያስፈልጋችሁ ታውቁታላችሁ።